በእኛ አየር የሚሠራ ማሽን
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከእንጨት ሥራ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ ከእንጨት ሥራ ክፍል የመጣን አሥራ አንድ ሴቶች ነን። ይህን ንግግር አንድ ላይ ተቀምጠን ነው የጻፍነው። የምታነብላችሁ አንዷ ብትሆንም ቃሉ የሁላችንም ነው። እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ አንድ ዕቃ፣ ስለ ቫኪዩም ፕሬስ ነው። ጉባኤው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ፕሬስ ይገዛ ወይስ አይገዛ፣ ቢገዛስ ምን ዓይነት ይሁን የሚለውን ይወስናል። ገንዘቡ ከፊሉ ከተዘዋዋሪ ብድራችን፣ ከፊሉ ከደጋፊዎቻችን የሚመጣ ነው። ስለዚህ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የመጀመሪያው ፕሬስ ምን እንዳመጣብን፣ እኛም ምን እንዳጠፋን መስማት ይገባችኋል።

ፕሬሱ ምን ያደርግልናል?

ከባልትናና ከሽመና ክፍል ያላችሁ እህቶቻችን "እንጨት በመጋዝና በመዶሻ ይሠራል እንጂ ከአየር ጋር ምን አገናኘው?" እንደምትሉ እናውቃለን። በአጭሩ እናስረዳ።

የወንበር መደገፊያ ጎበጥ ያለ ሲሆን ለጀርባ ይመቻል። ነገር ግን ደንዳና ጣውላ በመጋዝ ጎባጣ አድርገን ብንቆርጠው የእንጨቱ ጅማት መሃል ላይ ይበጠሳል። ሰው በተደገፈበት ቀን እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ጣውላውን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ወዳላቸው ስስ ቁራጮች መሰንጠቅ፣ በየመሃሉ ኮላ መቀባት፣ ደራርቦ በተዘጋጀ ፎርማ ላይ ማጉበጥና ኮላው እስኪደርቅ አጥብቆ መያዝ ነው። ሲደርቅ ጎብጦ ይቀራል፤ ጅማቱም ከዳር እስከ ዳር አይቆረጥም።

ሁለተኛው ሥራችን ቬኒር ነው። ዋንዛ ምን ያህል እንደተወደደ ታውቃላችሁ። ከተፈጥሮ ደን መቁረጡም በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ አንድ ጥሩ የዋንዛ ጣውላ ስናገኝ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ሠርተን አንጨርሰውም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን ስስ ልጣጭ በኤምዲኤፍ ወይም በችፑድ ላይ ስንለጥፍ፣ ለአንድ ጠረጴዛ የሚሆነው እንጨት ለብዙ ጠረጴዛ ይበቃል። ደንበኛው የዋንዛውን መልክ ያገኛል፣ ዋጋውም ከአቅሙ አይርቅም።

ሁለቱም ሥራዎች የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ እኩል ግፊት። ቀድሞ ያለንን ሞርሳ ሁሉ እናስርበት ነበር። ሞርሳው ሲያልቅ ድንጋይና የሲሚንቶ ከረጢት እንጭንበታለን። ጎባጣውን ደግሞ ካላማዳሪ በረጅሙ እየቀደድን እንደ ጠፍር እንጠመጥምበት ነበር። ካላማዳሪው ለጠባብ ነገር እስከ ዛሬም ይሠራልናል፤ አንንቀውም። ለሰፊው ገጽ ግን አይሆንም። ሞርሳው ያረፈበት ይጣበቃል፣ በሁለት ሞርሳ መካከል ያለው ያብጣል። ቬኒሩ እንደ እንጀራ ዐይን እያወጣ ስንት ገበታ ተመልሶብናል! በማስቲሽ የለጠፍነውም ፀሐይ ሲያገኘው ከዳሩ ተላጠ።

ቫኪዩም ፕሬስ ይህን የሚፈታበት መንገድ ቀላል ነው። ሥራው አየር በማያስገባ ትልቅ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ፓምፑ ከውስጥ ያለውን አየር ያወጣል። ያን ጊዜ በላያችን ያለው አየር ከረጢቱን ከሁሉም አቅጣጫ ይጫነዋል። ፓምፑ ራሱ አይጫንም፤ የሚጫነው አየሩ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር እባካችሁ ያዙልን፤ የችግራችን ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንደሚባለው፣ ሸክሙ በአንድ ቦታ ሳይከመር በየጣቷ ስፋት ላይ እኩል ሲያርፍ ቬኒሩ አያብጥም፣ ጣውላውም አይሰበርም።

በባሕር ወለል ከፍታ ላይ አየር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ክብደት 10 ቶን ያህል ነው። በእኛ አነጋገር 100 ኩንታል ጤፍ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንደ መከመር ማለት ነው። በከረጢትና በትንሽ ፓምፕ ይህን የሚያህል ኃይል ማግኘት ለእኛ ተአምር መስሎን ነበር።

የመጀመሪያው ፕሬስ

ማሽኑ የመጣልን በደጋፊዎቻችን በጎ ፈቃድ ነው። ከካታሎግ ተመርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ መጣ። ፓምፕ፣ ቱቦ፣ የቪኒል ከረጢትና አንድ ትንሽ መቆጣጠሪያ ነበረው። ሥራው እንዲህ ነው። ጌጁ 0.80 ባር ሲያሳይ መቆጣጠሪያው ፓምፑን ያጠፋል። ግፊቱ ሲቀንስ መልሶ ያስነሳዋል። ፓምፑ በመሃል ያርፋል፣ መብራትም ይቆጠባል።

የእኛ ፓምፕ ግን አላረፈም። ከተከፈተ ጀምሮ ያለማቋረጥ ይሮጣል። ጌጁ 0.64 ላይ ይደርሳል፣ እዚያው ይቆማል። ለሻጩ ብንጽፍ "ከረጢታችሁ ያፈስሳል፣ ቀዳዳውን ፈልጉ" የሚል መልስ መጣ። ፈለግን። ለጎማ እንደሚደረገው የሳሙና ውኃ ቀባን። በቫኪዩም አየሩ የሚገባው ወደ ውስጥ ስለሆነ አረፋ አያወጣም፤ ይህንንም ያን ቀን አላወቅንም። ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ጆሯችንን እየለጠፍን አዳመጥን። የከረጢቱን አፍ ደጋግመን ዘጋን፣ ቱቦውን ለወጥን። ጌጁ ከ0.64 ንቅንቅ አላለም።

በዚያው ሰሞን አንድ ሆቴል ለቡና ማፍያ ክፍሉ ጎባጣ መደገፊያ ያላቸው 24 ወንበሮችና 6 ትልልቅ ረከቦት አዞን ነበር። በታሪካችን ከዚያ የበለጠ ትእዛዝ አግኝተን አናውቅም። ቀኑ እየደረሰ ስለ ነበር "ይሩጥ፣ ምን ቸገረን" ብለን ሥራ ጀመርን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። በዘጠነኛው ቀን ሌሊት፣ አራት መደገፊያ ከረጢቱ ውስጥ እያለ፣ የፓምፑ ሞተር ተቃጠለ። ጠዋት ስንገባ ክፍሉ የተቃጠለ ሽቦ ሸቷል፣ ከረጢቱ ተንፍሷል፣ መደገፊያዎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተላቅቀዋል።

ትእዛዙን በካላማዳሪና በሞርሳ ጨረስነው። ሁለት ሳምንት ዘገየን፣ በውሉ መሠረት ከክፍያችን ተቀነሰ። በዚያ ወር ሦስታችን ዕቁባችንን መክፈል አቃተን። ሁለት እህቶቻችን "እንጨት የሴት ሥራ አይደለም ሲሉን አንሰማም ብለን ነው" ብለው ወደ ቤት ሠራተኝነት ሊመለሱ ተነሥተው ነበር። አሁን ከእኛ ጋር ናቸው፤ እዚያ ጥግ ተቀምጠዋል።

አሁን ደግሞ ጥፋታችንን እንናገር። በዚያ ሩብ ዓመት ለደጋፊዎቻችን በላክነው ሪፖርት "ማሽኑ ሥራ ላይ ነው" ብለን ጻፍን። ማሽኑ ግን መደርደሪያ ላይ ነበር። የሰጡን ሰዎች እንዳያዝኑብን፣ ሌላ ጊዜም እጃቸውን እንዳይሰበስቡ ፈርተን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እውነቱን ያን ጊዜ ጽፈን ቢሆን ምክንያቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ባልጠፋ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን።

ባቄላው የነገረን

ምክንያቱን ያገኙት እኛ እትዬ የምንላቸው፣ ከድሬዳዋ የመጡት እናታችን ናቸው። አንድ ቀን ለምሳ ንፍሮ ጥደን አልበስል አለን። እትዬ እንዲህ አሉ፦ "ድሬዳዋ እያለሁ ባቄላ እንዲህ አያስቸግረኝም ነበር። እዚህ አየሩ ቀጭን ነው መሰለኝ፣ ውኃው ቶሎ ይፈላል፣ ግን አይሞቅም።" ደብረ ብርሃን ያደገችው እህታችንም "እኛ ጋማ ከዚህም ይብሳል" አለች። ልጇ ፊዚክስ የሚያስተምር አንዲት አባላችን ነገሩን ማታ ለልጇ አነሣችለት። በማግስቱ መጥቶ ጌጁን አየና ሳቀ። ከረጢታችን አያፈስስም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን ያለው አየር ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ ግፊቱ 1 ባር ያህል ነው። በድሬዳዋ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ 0.88 ባር ይሆናል። በሐዋሳ፣ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ 0.82 ይሆናል። በእኛ በአዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ 0.76 ባር ብቻ ነው። ውኃም ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ እዚህ በ92 ገደማ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1648 ፈረንሳዊው ፓስካል የእህቱን ባል የሜርኩሪ ቱቦ አስይዞ ተራራ ላይ ልኮ፣ ሜርኩሪው ከፍ ባሉ ቁጥር ዝቅ እንደሚል አረጋግጧል። እኛ ግን በንፍሮ ደረስንበት።

እንግዲህ አስቡት። ፓምፑ ያለውን አየር ሁሉ ቢያወጣ እንኳ አዲስ አበባ ላይ ጌጁ ከ0.76 በላይ ሊያሳይ አይችልም። መቆጣጠሪያው ግን 0.80 ሲደርስ እንዲያጠፋ ተስተካክሎ የመጣ ነው። የማይመጣ እንግዳ እየጠበቀ ነበር ማለት ነው። ፓምፑም በባሕር ወለል 0.85 የሚደርስ ስለሆነ፣ በእኛ አየር የሚችለው 0.64 ነው፤ ያንንም በትክክል ሰጥቶናል። በዚህ ላይ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። የተለመዱ የኤሌክትሪክ ሞተሮች የሚታሰቡት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። በቀጭን አየር ያለ ዕረፍት የሮጠ ሞተር ቢቃጠል ምን ይገርማል?

ሞተሩን አስጠመጠምን። የመቆጣጠሪያውን ብሎን በጠመንዣ አዙረን 0.60 ላይ እንዲያጠፋ፣ 0.52 ላይ እንዲያስነሳ አደረግን። ፓምፑ ከዚያ ወዲህ ሠርቶ ያርፋል። ለዚያች ብሎን ነበር የአንድ ወር ገቢያችን የሄደው።

ስንገዛ ምን እንመልከት?

ከዚያ በኋላ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት መጠየቅን ተማርን። ለራሳችንም፣ በሌላ ከተማ ይህን ሥራ ለሚጀምሩ እህቶቻችንም የሚጠቅመውን እናካፍል።

መጀመሪያ ሥራችሁን ለኩ። እኛ የምንሠራው ትልቁ ነገር 90 በ180 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገበታ ነው። ስለዚህ ሙሉ የኤምዲኤፍ ገበታ የሚውጥ ከረጢት አያስፈልገንም፤ 125 በ250 ይበቃናል። ለጎባጣ ሥራ ግን የፎርማው ቁመት ከረጢቱን እንደሚበላ አትርሱ። ስፋቱ 50፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎርማ፣ ጠፍጥፎ ሲለካ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ከረጢት ይፈልጋል። ከዚያ በታች ከሆነ ከረጢቱ ይወጠራል እንጂ ጥጉ ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛ ፓምፑ ነው። ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በእኛ ከፍታ ስንት ባር ይደርሳል? በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ያወጣል? የመጀመሪያው የግፊቱን ጉልበት፣ ሁለተኛው ፍጥነቱን ይነግራችኋል። ለጠፍጣፋ ቬኒር ፍጥነት ብዙም አያሳስብም፤ ለጎባጣ ሥራ ግን ኮላው ሳይደርቅ ከረጢቱ ፎርማው ላይ መቀመጥ አለበት። እኛ መጀመሪያ ላይ ያለውን ብዙ አየር በቤት ምንጣፍ መጥረጊያ ቫኪዩም እናወጣና የቀረውን ለፓምፑ እንተዋለን። ብዙ ደቂቃ ይቆጥብልናል።

አራት ዓይነት ፓምፕ አይተናል። ከምናለሽ ተራ የሚገኝ የአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር ርካሽ ነው፣ ድምፅም የለውም። ነገር ግን ቀርፋፋ ነው፣ ረጅም ሰዓት ሲሠራ ይግላል፣ ዘይትም ይተፋል። ለትሪና ለትንንሽ ሣጥን ይሆናል። በቀለም መርጫ ኮምፕሬሰር የሚሠራው ቬንቹሪ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፣ አይበላሽም ማለት ይቻላል። ግን ትልቁ ኮምፕሬሰር አብሮት ይሠራል፤ የመብራቱን ሂሳብ አስቡት። ዘይት የሌለው ትንሽ ፓምፕ፣ እንደ መጀመሪያው ማሽናችን ያለው፣ ንጹሕ ነው፤ መቆጣጠሪያው ለከፍታችን ከተስተካከለ ለቬኒር በቂ ነው። አራተኛው የፍሪጅ ጠጋኞች ጋዝ ከመሙላታቸው በፊት የሚጠቀሙበት ባለ ዘይት ፓምፕ ነው። ከጎረቤት ጠጋኝ ተከራይተን ሞከርነው፤ ከረጢታችንን 0.71 ላይ አደረሰው። በአንድ ካሬ ሜትር 72 ኩንታል ያህል ማለት ነው፤ በፊት የነበረን 61 ገደማ ነበር። ትልቁ ጥቅሙ ግን መለዋወጫውና ባለሙያው እዚሁ ከተማችን ውስጥ መኖሩ ነው። ጉዳቱ ከኮላው የሚወጣው እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ እንደ ወተት ሲነጣ ወዲያው መቀየር አለበት።

ሦስተኛ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራው ከረጢት ውስጥ ከሆነስ? በዚህ ላይ ካታሎጉ ምንም አይልም። በፓምፑና በከረጢቱ መካከል አየርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ሊኖር ይገባል። ያለበለዚያ ፓምፑ ሲቆም አየሩ ይመለሳል፤ ባለ ዘይት ፓምፕ ከሆነ ዘይቱም ተመልሶ ቱቦው ውስጥ ይገባል። ከቫልቩ በኋላ ደግሞ ማጠራቀሚያ ታንክ እንዲኖር እንመክራለን። እኛ ከሱማሌ ተራ የገዛነውን የከባድ መኪና የፍሬን አየር ታንክ አገናኘንበት። ከረጢቱ ትንሽ ቢያፈስስ እንኳ ታንኩ ይተካለታል። የእኛ ፈተና ይህ ነው፦ ከረጢቱን ባዶ አድርገን ፓምፑን እናጠፋለን፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጌጁ ከ0.05 በላይ ከወረደ ቀዳዳው ሳይገኝ ሥራ አይገባም።

አራተኛ ከረጢቱ። ቪኒል ርካሽ ነው፣ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ያደርቀዋል፤ ጎባጣ ላይ አይተኛም። ፖሊዩሬቴን ይወደዳል፣ ግን ይለጠጣል፣ ቶሎም አይቀደድም። ለጠፍጣፋ ቬኒር ብቻ ከሆነ ቪኒሉ ይበቃል፤ ለጎባጣ ግን 0.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፖሊዩሬቴን ዋጋውን ይመልሳል።

አምስተኛ ፎርማው። የመጀመሪያውን ፎርማ ጣውላ ለመቆጠብ ውስጡን ባዶ ሣጥን አደረግነው። ፓምፑ ሲነሣ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰባበረ። አየሩ ከሁሉም አቅጣጫ እንደሚጫን ረስተን ነው። አሁን የችፑድ ቁራጮች ደራርበን ድፍን አድርገን እንሠራለን። ጠርዙን እናለዝባለን፣ ከረጢቱን እንዳይበሳ። ገጹን በላስቲክ እንሸፍናለን፣ ኮላው እንዳይዘው። በላዩ የመስኮት ወንፊት እናነጥፋለን፣ አየሩ መውጫ መንገድ እንዲያገኝ። ደግሞም ሁልጊዜ ኮላ ከመቀባታችን በፊት ጣውላዎቹን በደረቁ እንሞክራለን። በእጃችን ገፍተን ፎርማው ላይ ካልተኙ የእኛም አየር አያስተኛቸውም፤ አንድ ደረጃ ማሳሳት ነው። በሳሳ ቁጥር ሥራው ከፎርማው ሲወጣ ተመልሶ የሚዘረጋውም ያንሳል።

ስድስተኛ ኮላው። ነጭ ኮላ ለቬኒር ደግ ነው። ለጎባጣ ሥራ ግን ከደረቀም በኋላ ቀስ በቀስ ይላላል፣ መደገፊያው በወራት ውስጥ ይዘረጋል። ለእሱ በውኃ የሚበጠበጠውን የዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ኮላ እንጠቀማለን፤ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ፎርማልዴሃይድን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። ስለዚህ መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንትና ተገቢው የጋዝ መከላከያ ጭምብል ተደርጎ ነው የሚበጠበጠው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ እህት ወደዚያ ክፍል አትገባም። ይህ ሕጋችን ነው፤ ትእዛዝ ቢጣደፍም አይሻርም። ኮላ ሁሉ ብርድ አይወድም፤ በከረጢት ውስጥም እርጥበቱ መውጫ ስለሌለው ዘግይቶ ይደርቃል። ለዚህ ነው ጎባጣውን ሁልጊዜ ሌሊቱን የምናሳድረው፣ በብርድ ወራትም ከላይ ብርድ ልብስ የምናለብሰው። እንደ ልጅ ነው የምናስተኛው።

ዛሬ የምንጠይቀው

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። በአንድ በኩል ትልቅ የብረት ፕሬስ፣ በዘይት ግፊት የሚሠራና የሚያሞቅ፣ ሊሰጠን የሚፈልግ ወዳጅ አለ። ስለ ፍቅሩ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን እሱ ለጠፍጣፋ ገበታ እንጂ ለጎባጣችን አይሆንም። የሚፈልገው የመብራት መስመርም ቤታችን የለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ለሌላ ቤት የተሠራ ማሽን የእኛን ቤት አይሞላም።

የምንጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። አንደኛ፣ እዚሁ ከተማ የሚጠገን አንድ ባለ ዘይት ፓምፕ። ሁለተኛ፣ 125 በ250 የሆነ አንድ የፖሊዩሬቴን ከረጢት። ሦስተኛ፣ ብሎኑን በራሳችን የምናስተካክለው መቆጣጠሪያ፣ ቫልቭና ታንክ። አራተኛ፣ የቀረው ገንዘብ ለፎርማ የሚሆን ችፑድ፣ ለጭምብልና ለሥልጠና ይዋል። የመጀመሪያው ፕሬስም አይጣልም፤ ለቬኒር ይቀጥላል። ሁለቱ ሲኖሩ ጎባጣው ሌሊቱን ሲያድር ቬኒሩ ቀን ይሠራል፤ አሁን ግን አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

በትንሽ ዕቃ መጀመር አያሳፍርም። ቻርልስና ሬይ ኢምዝ የተባሉት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ስማቸውን በጎባጣ ኮምፔርሳቶ ወንበሮች ያስጠሩት፣ መጀመሪያ በተከራዩት አፓርታማ ውስጥ ራሳቸው በሠሩት ማሽን፣ በብስክሌት መንፊያ እየነፉ ነበር። ሬይም እንደ እኛ ሴት ነበረች።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለን። ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁን፦ ከፍታችሁ ስንት ነው? መብራታችሁ እንዴት ነው? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? በእኛም በኩል ቃል እንገባለን። ከእንግዲህ በሪፖርታችን ውስጥ "ያልሠራው" የሚል አንድ ክፍል ይኖራል፤ የቆመ ማሽን ካለ ስሙና ምክንያቱ እዚያ ይጻፋል። ሂሳብ ተቆጣጣሪ ኮሚቴያችን ይህን እንዲመረምር ጠይቀናል።

ከስብሰባው በኋላ አውደ ርእዩ ላይ ጎባጣ መደገፊያ ያለው ወንበር ታገኛላችሁ። የዋንዛ ነው፣ ሰባት ንብርብር አለው፣ 0.60 ባር ላይ ሌሊቱን ያደረ ነው። ተቀመጡበት፣ ተደገፉት። እትዬም ንፍሮ ይዘው መጥተዋል፤ በአዲስ አበባ አየር ስለ በሰለ ትንሽ ዘግይቷል፤ አሁን ግን ደርሷል።